ቦዩ ላይ ያልፈረሙት አባቴ

ሰው ጃንጥላ ተውሶ አይመልስም እንዴ? እጀታው እንጨት የሆነ ትልቁ ጃንጥላዬን አባቴ ከወሰዱት ሰንብቷል። ዛሬ ጠዋት ልጨቀጭቃቸው ደወልኩ። ስልካቸውን እህቴ አነሳችው።

«አባባ የሉም» አለችኝ።

«የት ሄዱ?» አልኩ፣ እኔ ሞኙ።

ካረፉ ገና ጥቂት ሰዓት ነው። እስካሁን አላመንኩም።

ለማታውቋቸው፣ አባቴ ጋሽ ቱፋ እዚህ አዳማ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበሩ። የግንባታ ፈቃድ ለሚጠይቅ ሰው ቦታውን በበጋ አያዩለትም። «ክረምት ይግባ፤ አብረን ቆመን እናያለን» ይሉታል።

አንዴ አንድ ባለሀብት በሚያብረቀርቅ ጫማ መጣ። በሐምሌ ዝናብ ወስደው ሊሠራበት የጠየቀው የጎርፍ ቦይ ውስጥ አቆሙት። ውኃው ቁርጭምጭሚቱን ሲያልፍ «ኦቦ ቱፋ፣ እኔኮ ሕንጻ ነው የምሠራው!» ብሎ ጮኸ።

«ጀልባ ቢሆን ፈርሜልህ ነበር» አሉት።

ከላይ ሲጫኗቸውም መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ጎርፍ ስብሰባ አይጠራም።»

አልፈረሙም። ባለመፈረማቸው ከሥልጣን ተነሱ፤ «ፀረ ልማት» ተባሉ። ሕንጻው ቦዩ ላይ ቆመ። በቀጣዩ ክረምት ከተራራው የወረደው ጎርፍ መሄጃ ሲያጣ ጎረቤቶቻችን ቤት ገባ። የሰው ፍራሽ መንገድ ላይ ሲንሳፈፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ይቅርታ ያለ አንድ ሰው የለም!

ዛሬ ደግሞ ከሥልጣን ካነሳቸው ከዚያው ቢሮ ደውለው «ነገ ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸውን እኛ እናነባለን» አሉኝ። ጽሑፉንም ላኩልኝ። «የልማት አባት የነበሩት ጋሽ ቱፋ በጡረታ ተሰናበቱ» ይላል።

በጡረታ! ምነው፣ ሬሳ አይሰማም ብለው ነው? እኛ ልጆቻቸውስ? እውነቱ ካልተነበበ ማንም ማይክራፎን አይነካም። እኔው አነባለሁ። ማን እንዳባረራቸው፣ ለምን እንዳባረራቸው...

ቆዩ፣ በር ተንኳኳ።

አቶ መኩሪያ ናቸው። ያኔ አባባን ያነሱት ሹም! ብቻቸውን፣ ነጠላ አዘቅዝቀው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ልጮህባቸው ተነሳሁ።

«ያባረርኳቸው እኔ መሆኔ ይነበብ» አሉኝ፣ ቀድመውኝ። «ስሜም ይጠራ። እዚያው ቆሜ እሰማለሁ።»

አባባ፣ ስንት ስድብ ቋጥሬላቸው ነበር መሰልዎት፤ አፌ ላይ ቀረ። ነገ ሁሉንም አነባዋለሁ፤ እርስዎ ይረፉ። ሰውየው አሁንም ከደጅ ናቸው፤ ላስገባቸው።

ነጋቲ፣ በሰላም ይሂዱ፣ አባባ።