ጁፒተርና የጥጓ ሐጃ

እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ በሙቀቱ የተነሳ ግቢያችን ሁሉ አልጋውን አውጥቶ ደጅ ነው የሚተኛ። ማታ ማታ አልጋዎቹ ወደኔ በር ይዞራሉ፤ ተረት የማወራ እኔ ነኛ።

ያን ህዳር ግን ይህን ክብሬን ልነጠቅ ነበር። ስልኬ ላይ አንብቤ፣ «ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ኮከብ እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ድሮም ወርዶ ያውቃል» አልኋቸው።

ሰሊጥ ተራ ጆንያ ሲሸከሙ የኖሩ የጎንደር ሽማግሌ አብረውን አሉ። «ካልወረደስ፣ አንች ልጅ?»

«ካልወረደ እስከ ገና እርስዎ ያውሩልን።»

የሳቸው ተረት አንድ ብቻ ነው፤ ስለ ጠፋ ግመል። ግመሉ እስከዛሬ አልተገኘም።

ሐሙስ ግቢው በሙሉ ተነስቶ አንጋጠጠ። አንድ ወረደ። ቆይቶ ሌላ። ከዚያ ነጋ።

«ሁለት ጠብታ» አሉ ሽማግሌው። «ይሄ ልብስ አያረጥብም።»

ቀኑን ሙሉ ስልኬን ስጎረጉር ዋልሁ። ማታ፣ «ጥፋቱ የሐጃ ነው» አልኋቸው።

ሐጃ የጥጓ የዝንጅብል ሻይ ሻጭ ናት፤ ሰፊ ሴት፣ ሰፊ ልብ። «ተፈደል» ብላ በርጩማ ከሳበች፣ ሳይቀመጥ ያለፈ የለም።

«ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው ጅራታም ኮከብ በትኖት የሄደ አቧራ ነው። አቧራው ፀሐይን ይዞራል፤ ምድር ስታቋርጠው ይዘንብብናል። ጁፒተር የሚሉት ግዙፍ ፕላኔት ግን፣ ልክ እንደ ሐጃ፣ አቧራው በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ይስበዋል፤ አንዱን ያዘገየዋል፣ አንዱን ያፈጥነዋል። ከብዙ ዙር በኋላ መንገዱ ይጣመማል። ምድር ስትደርስ አቧራው በሌላ በኩል አልፏል።»

«ማዘግየቱስ ይሁን። ሐጃ ያፈጠነችው ሰው አለ?»

«ትሪ ሙሉ ሻይ አስይዛ ለነጋዴው ያድርሱልኝ ስትልዎትስ?»

«ሳይቀዘቅዝ ብዬ ሮጫለሁ» አሉ። «ቢሆንም ውል ውል ነው። ነገ ማታ ግመሉ ይጀመራል።»

በማግስቱ አልጋዎቹ በሳቸው በር ተደርድረው ጠበቁ። ሰውየው የሉም። ሕፃናቱ እንቅልፍ ሲጀማምራቸው ዝንጅብል ዝንጅብል እየሸተቱ ገቡ።

«የት ቆዩ፣ አባባ?»

«ጁፒተር ይዛኝ» አሉ፣ አልጋቸውን ወደኔ በር እየጎተቱ። «በይ ጀምሪ፤ ግመሉም ቢሆን እሷው ዘንድ ሳይቀመጥ አይቀር።»