የማይቆጠረው ዱቄት

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን በራችንን ባታንኳኳ ኖሮ አጎቴ እውነቱን ይናገር ነበር? ወይስ ሆዱ ውስጥ ቀብሮት ይኖር ነበር? ከክፍሉ የምትለየኝ አንዲት ግድግዳ ብቻ ሆና፣ ይህን መመለስ አልችልም።

አጎቴ አርባ ዓመት ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ሴት ልጁ ቤት፣ ጓሮ ከእኔ ክፍል ጎን ያለችው ክፍል ገባ። ልጁ ፖስታ ቤት ነው የምትሠራው፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትመለሳለች። ስለዚህ የአምስት ዓመቷን የልጅ ልጁን፣ ድንቡሼን፣ የሚያበላት እሱ ሆነ። ድንቡሼ አለርጂ አለባት። ስንዴ፣ እንቁላልና ወተት ለእሷ መርዝ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ ስንዴ ሲያቦካ የኖረ ሰው ስንዴ የማይገባበት ኩሽና ተረከበ። መጀመሪያ ላይ «አንበሳን ሣር ጋጥ ማለት ነው» እያለ ያጉረመርም ነበር።

ግን ተማረ። ስኳር ድንች ውሃ እንዳይጠጣ ከነልጣጩ ይቀቅላል። ካሳቫ ልጦ ውሃ ውስጥ ያሳድርና እስኪፈራርስ ያበስላል። ድንቹን ፈቅፍቆ በጨርቅ ይጨምቀዋል፤ ውሃውን ሳይደፋ ያስቀምጠዋል። ከሥር የሚዘቅጠው ነጭ ስታርች በእንቁላል ፋንታ ድንቹን ይይዝለታል። ከዚያ ጠፍጥፎ ይጠብሰዋል። ሁላችንም የምንበላው ያንኑ ነው። ለድንቡሼ ለብቻዋ ማብሰል አይወድም፤ ብቻውን የሚበላ ልጅ ራሱን በሽተኛ ያደርጋል ባይ ነው።

ለራሱ ዳቦ የሚጋግርበት የስንዴ ዱቄት ያለው እሱ ክፍል ብቻ፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። የኩሽናውን ደፍ እንዳያልፍ ከልጁ ጋር ተስማምተዋል።

አንድ ማክሰኞ የኩሽናው ጋዝ አለቀ። ድንቡሼ ራበኝ ብላ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። አጎቴ የተዘጋጀውን ድንች ይዞ ወደ ክፍሉ ሄደ፤ እዚያ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለው። ድንቹ ጠረጴዛው ላይ ተጣበቀበት። እጁ እሱን ሳያማክር ወደ ቆርቆሮው ገባ፤ ቆንጠር አድርጎ ነሰነሰ፣ ጠፈጠፈ፣ ጠበሰ።

ዳቦ ቤት ውስጥ የሚመዘነው ሊጥ ውስጥ የሚገባው ዱቄት ነው። እንዳይጣበቅ ጠረጴዛ ላይ የሚነሰነሰውን ማንም አይቆጥረውም። እሱም አርባ ዓመት ሙሉ አልቆጠረውም። ስለዚህ ድንቡሼ ሦስት በልታ ከንፈሯ ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ተሸክመናት ሐኪም ቤት ደርሰን ሐኪሙ ምን እንደበላች ሲጠይቅ፣ አጎቴ የመለሰው ከልቡ ነው፦ ድንች፣ ዘይት፣ ጨው።

መርፌ ተወጋች፤ ትንፋሿ ተመለሰ። አጎቴ ያኔ ነው እጅጌው ላይ ነጭ ነገር ያየው። በሁለት ጣቱ አሸት አደረገው። የድንች ስታርች በጣት ሲታሽ ሲጥ ሲጥ ይላል። ይሄኛው ምንም ድምፅ አልነበረውም። ይህን የነገረኝ ኋላ ነው። ያን ጊዜ እኔ ያየሁት፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ግድግዳው ላይ ሲደገፍ ብቻ ነው።

ልጁ ከሥራ በርራ ደረሰች። ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ለድንቡሼ ከረሜላ እንደሰጠቻት ትዝ አላት። በማግስቱ የልብስ ሰፊዋ ሱቅ በር ላይ ቆማ፣ ደንበኞቿ ፊት፣ ልጄን ልትገድዪ ነበር ብላ ሰደበቻት። ልብስ ሰፊዋ ማለች፣ ተገዘተች፤ የሰማት የለም። ከመዋለ ሕፃናት ስትመለስ ሱቁ ውስጥ ብጥስጣሽ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ የምትጫወተው ድንቡሼ ከዚያ ወዲህ ተከለከለች። አጎቴ ይህን ሁሉ ሰማ። አሥራ አንድ ቀን ዝም አለ።

በነዚያ ቀናት ያበሰለው ቅቅል ብቻ ነበር። ድስቱን ደጋግሞ ያጥባል፣ ቀድሞ ራሱ ይቀምሳል። ልጁ ጥንቃቄውን አይታ አባዬ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር ስትል፣ ውሃ ልቅዳ ብሎ ይወጣል። ሌሊት አልጋው ሲንቋቋ ሰምቼ አላውቅም፤ ወንበሩ ነበር የሚንቋቋው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ልብስ ሰፊዋ መጣች። የከረሜላውን ፓኬት ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ስንዴ፣ እንቁላል ወይም ወተት የሚል ካለበት ሱቄን እዘጋለሁ አለች። የአጎቴ ልጅ አነበበችው፤ የለበትም። ፊቷ ቀላ። ግን እጅ አልሰጠችም። ምናልባት ዳቦ በነካ እጅሽ ሰጥተሻት ይሆናል አለች።

ልብስ ሰፊዋ ወደ አጎቴ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ ዱቄት ውስጥ ያረጁ ሰው ነዎት። እስቲ ይፍረዱ፤ በእጅ ብቻ ይተላለፋል?»

አጎቴ ቆመ። «ይተላለፋል» አለ። «በእኔ እጅ ነው የተላለፈው።»

ስለ ጋዙ፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለማይቆጠረው ዱቄት ተናገረ። ሲጨርስ ልጁ፣ «ካወቅክ በኋላስ አባዬ?» አለችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር።

ልጁ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞራ ይቅርታ ልትል ስትጀምር፣ ሴትዮዋ እጇን አነሳች። «የሰደብሽኝ መንገድ ላይ ነው። ይቅርታውንም መንገድ ላይ ልስማው።»

«እኔ እሄዳለሁ» አለ አጎቴ።

ሄደ። ሱሪ ለማሳጠር የሚጠብቁ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ፊታቸው ቆሞ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ነገራቸው። ድምፁ አልሰማ ስላለ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመችለት። አንዱ፣ «ጋሼ፣ ዳቦ ቤት እያሉ እንዲህ ቢናዘዙ ኖሮ ዳቦው ባላነሰብን» አለው። ሌሎቹ ሳቁ። አጎቴ «እሱም እውነት ነው» አለና አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

ልጁ ቆርቆሮውን ደጅ አውጥታዋለች። ከእንግዲህ የምታበስለው እኔ ባለሁበት ነው አለችው፣ ሳታየው። ድንች እየላጠች ነበር፤ ከልጣጩ ጋር ግማሹን ትጥላለች። እንዲህ አይደለም ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

ወደ ክፍሉ ገባ። ትንሽ ቆይቼ ባየው፣ ከነጫማው አልጋው ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነበር።