ልጄን ለማምጣት ወደ ጎልፍ ሜዳ

ግንቦት 1፣ ንጋት፤ አብነት፣ አዲስ አበባ

የልደታን ደጅ ተሳልሜ ተነሣሁ። በዓሏ ነው። ሰፈሩ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ዳቦውን ጋግሮ ከቤት ውጭ ሊሰበሰብ ነው። እኔ ግን የድርሻዬን ንፍሮ በጨርቅ ቋጥሬ፣ ዳቦዬን በፌስታል ይዤ ወደ ታክሲ ወረድኩ።

ልጄ ናቲ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ባለ የጎልፍ ሜዳ ሣር ይንከባከባል። ከጥምቀት ወዲህ አላየሁትም። ለፋሲካ ውድድር አለ ብሎ ቀረ። ለልደታ ሊመጣ ነበር፤ ትናንት ደወለ። "እማዬ፣ ሣሩን የምንበሳበት ማሽን መጣ። መውጣት አልችልም።"

ሣር ለምን ይበሳል? አልጠየቅሁትም። ለአንድ ሌሊት እንኳ ይዤው ልመለስ ወሰንኩ።

ጠዋት፤ ከቃሊቲ ወዲያ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅን። ረዳቱ ወደ ጭኔ አየት አደረገና፣ "እናቴ፣ ይሄ ንፍሮ ነው አይደል? በመዓዛው ገደሉን እኮ!" አለ።

"በረከት ነው፤ እጅህን ዘርጋ።"

ለሾፌሩም ደረሰው። "በቃ፣ የእሳቸው ሂሳብ ተከፍሏል" አለ እያኘከ። ረዳቱ ግን ብሬን ተቀበለኝ። ሳቅን።

አቃቂ፣ ዱከም። የሲሚንቶ መኪና፣ የፋብሪካ አጥር፣ አቧራ። ከመንገዱ ዳር የተቆለለ ቀይ ሽንኩርት። ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል።

ረፋድ፤ ሜዳው

ባጃጅ በሩ ላይ አወረደኝ። ናቲ እስከ ጉልበቱ አሸዋ ለብሶ እየሮጠ መጣ። ከስቷል። ጉልበቴን ሊስም ሲያጎነብስ ቀድሜ ግንባሩን ሳምኩት።

ወደ ሥራው ወሰደኝ። ኳሷን ጉድጓድ የሚከቱበትን፣ እንደ ምንጣፍ የተላጨውን ሣር ግሪን ይሉታል። ማማሩ! ጫማዬን አውልቄ፣ አማትቤ ገባሁ።

"እማማ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም እኮ!" ብለው ሠራተኞቹ ሳቁ።

"ተዉአት፣ ባዶ እግሯ ለሣሩ ደግ ነው" አለ ናቲ።

ጠጋ ብዬ ሳየው ሣሩ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ናቲ ማሽኑ ያወጣውን፣ ጣት የሚያህል አፈር አነሣልኝ። ላዩ ጥቁር ነው፤ እንደ ስፖንጅ ይሰረጉዳል፤ ይሸታል።

"የሞተ ሥርና ቅጠል ነው። ትንሹ ይጠቅማል። ሲበዛ ግን ውሃ ያቁርና ሥሩ አየር ያጣል። ስለዚህ ይሄን እናወጣለን፣ አሸዋ በመጥረጊያ እየገፋን ቀዳዳውን እንሞላለን።"

"እስኪሽርስ?"

"ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት።"

"ሳትሞሉት ቢዘንብ?"

"አሸዋው ከረጠበ አይገባም። ቀዳዳው በጭቃ ይደፈናል፤ እንደገና መብሳት ነው።"

ኀላፊያቸው አቶ ደሳለኝ መጡ። "እንኳን አደረስዎት! ናቲ፣ እናትህ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው? በል ሂድ፤ ነገ ትመለሳለህ።"

ልቤ ዘለለ። ናቲ አመሰገናቸው። ዓይኑ ግን ወደ ደመናው፣ ከዚያ ገና ወዳልተሞሉት ሁለት ግሪኖች ሄደ። መጥረጊያውን አላስቀመጠም።

ልጄን አውቀዋለሁ። ከእኔ ጋር ቢመጣ፣ ዝናቡ መጣ አልመጣ ሲል ጆሮው ጣሪያው ላይ እንደ ተተከለ ያድራል።

"ሥራህን ጨርስ" አልኩት።

"እማዬ፣ ፈቀዱልኝ እኮ።"

"ሰምቻለሁ። ና፣ መጀመሪያ ብላ።"

ሣሩ ዳር ተቀምጠን፣ ሰማይ ሥር፣ ልክ እንደ ሰፈራችን ንፍሮውን በላን። አቶ ደሳለኝ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ከዚያ ሁሉም ወደ መጥረጊያው ተመለሰ። እኔም ናቲ ሄድ መለስ ሲል ጀርባውን ሳየው ቆየሁ።

ሲሸኘኝ፣ "ሣሩ እንደ ዳነ እመጣለሁ" አለኝ።

"እግዚአብሔር ቢፈቅድ በል።"

"እግዚአብሔር ቢፈቅድ።"

ከሰዓት በኋላ፤ መልስ

ዱከም ላይ ዝናቡ መስታወቱን መታው። ተሳፋሪው "ተመስገን" አለ። እኔ ስልክ አወጣሁ።

"ዘነበባችሁ?"

"ገና ነው እማዬ። የመጨረሻው ላይ ነን።"

"እመቤቴ ትያዝላችሁ።"

ቃሊቲ ስንገባ ራሱ ደወለ። ጨርሰዋል። ድምፁ ሲስቅ ይሰማኛል። ተመስገን አልኩ።

ማታ፤ ቤቴ

ደጃፉ ጭቃ ሆኗል። ጫማዬን አራግፌ ገባሁ። ልጄ ጤነኛ ነው፤ ሥራ አለው፤ ሰው ይወደዋል። ከዚህ በላይ ምን እለምናለሁ?

ጠዋት አዲስ አንሶላ ያነጠፍኩለት አልጋ እንዳለ ነው። አላነሣሁትም።