ያልተንቀሳቀሰው ደመና

«ደመና» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ሳተላይት የሚልከውን ምስል ማንበብ መጀመሯን ስትነግረው ከት ብሎ ሳቀ።

«እኛ አንጋጠን በነጻ የምናየውን ደመና አንቺ ደመወዝ እየተከፈለሽ ልታዪው ነው?» አላት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ በስሟ የጠራት የለም።

ወደ ሥራው የወሰዳት ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም። ያደገችው ወንዝ ዳር ነው። ልጅ ሳለች አንድ ቀን፣ ፀሐይ እንደወጣች፣ ሰማዩም ጥርት እንዳለ፣ ሩቅ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ ወንዙን ሞልቶት መጣ። የመስኖ ቧንቧ ሊያነሳ የወረደው አባቷ በዚያው ቀረ። ለቀስተኛው ሁሉ «በፀሐይ ጎርፍ ይመጣል ብሎ ማን ያውቃል?» ይል ነበር። ያ «ማን ያውቃል» የሚሉት ነገር ሲያንገበግባት ኖረ።

መንግሥት የራሱን ሳተላይት ባመጠቀ ጊዜ ሬዲዮው፣ ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ ሁሉ ክርክር ሆነ። ወንድሟም አላለፋትም።

«ገንዘባችንን ሰማይ ላይ ስትበትኑት እዚህ ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚሻገሩበት ድልድይ የለም።»

«ወንድም ጋሼ፣ ስልክህ ላይ ያለው ካርታ እኮ በሳተላይት ነው የሚሠራው።»

«ካርታውማ መንገዱን ያሳየኛል። መንገዱ ነው የሌለው!»

እሷም ሳቀች። ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ስታስበው ግን አላሳቃትም፤ እውነቱን ነዋ።

የባሰው ካቻምና መጣ። ጎርፍ ይመጣል ብላ ትንበያ አወጣች፤ የወንዝ ዳር ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ኮረብታ ላይ ወጣ። ውሃው አልመጣም። ሰው በሌለበት ከብት ገብቶ የወንድሟን የደረሰ ቲማቲም እንዳልነበረ አደረገው። ወንድሟ ክረምቱን ሙሉ አኮረፋት። እሷም በራሷ ማመን ተሳናት፤ በር ቆልፋ ከወጣች በኋላ ተመልሳ እጀታውን የምትነቀንቅ ሰው ሆነች።

ዘንድሮ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው ነገሩ የጀመረው። የቢሮው ማራገቢያ እየተንቋቋ ይዞራል፤ የቀዳችው ሻይ ቀዝቅዟል። ስክሪኑ ላይ፣ ከወንዙ ምንጭ በላይ፣ አንድ ድቡልቡል ደመና ተቀምጧል። ቀጣዩ ምስል መጣ፤ ደመናው እዚያው ነው። ሌላው መጣ፤ ንቅንቅ አላለም። እዚያው ቆሞ ዝናቡን እያወረደው ነው ማለት ነው። በወንዙ ላይኛው ክፍል የተተከለው የውሃ መለኪያ ደግሞ ድምፁን አጥፍቷል። ተበላሽቶ ይሁን ውሃ ወስዶት አይታወቅም።

አለቃዋ ሲጨነቁ መነጽራቸውን በክራባታቸው የሚወለውሉ ሽማግሌ ናቸው። ምስሉን አይተው መወልወል ጀመሩ።

«በሚቀጥለው ሳምንት ምክር ቤት ፊት ቀርቤ ለሁለተኛው ሳተላይት በጀት ልጠይቅ ነው» አሏት። «እንደ ካቻምናው ሰው በከንቱ አስነስተን ብንገኝ ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ? እስቲ አንድ ምስል እንጠብቅ፣ ልጄ።»

«እሺ» አለች። ኮሪደሩ ላይ ወጣችና ለወንድሟ ደወለች።

«እማዬን ይዘህ ውጣ።»

«ደግሞ ጀመረሽ? እዚህ ፀሐይ ነው እኮ!»

«አባዬ የቀረ ቀንም ፀሐይ ነበር።»

ወንድሟ «እሺ» ብሎ ዘጋው።

ስልኩን እንደያዘች ቆመች። የራሷን እናት አስወጥታለች። የጎረቤቶቹን እናቶችስ? እየሮጠች ተመለሰች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለወንድሜ ደውያለሁ» አለቻቸው። «ለኔ ሰው ከነገርኩ ከሌላው መደበቅ አልችልም። እርስዎ ካላወጁት እኔ አወጣዋለሁ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ። የተቆጡ መስሏት ነበር፤ እሳቸው ግን ስልኩን አንስተው ወረዳውን ጠሩ። ወዲያው መልእክቱ በሬዲዮና በየሰው ስልክ ተላለፈ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። የወንድሟ ስልክ አይሠራም። ደጋግማ ትሞክራለች፤ ያችው ድምፅዋ የተቀዳ ሴትዮ በማይለወጥ ትሕትና «የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው ሊገኙ አይችሉም» እያለች ትመልስላታለች።

«ባይመጣስ?» አለቻት ባልደረባዋ።

«ባይመጣማ ተመስገን ነው።»

አፏ ይህን ይበል እንጂ ልቧ ሌላ ይል ነበር። ዳግመኛ እንዳታፍር ውሃው ይምጣ እያለች ኖሯል። ይህን ስታውቅ ወደ መታጠቢያ ቤት ገብታ ፊቷን ደጋግማ ታጠበች።

ጀምበር ሳትጠልቅ ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ አለች» አላት ወንድሟ እያለከለከ። «በጀርባዬ አዝያት ነው ኮረብታው ላይ የወጣሁት፤ እስክንደርስ ስትሰድበኝ ነበር። ውሃው ግድግዳ መስሎ ነው የመጣው፣ ደመና። ማሳው የለም። ቤቱም ጣሪያው ብቻ ነው የሚታየኝ።»

«ሰውስ?»

«የኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ወጥቷል። ከማዶ ግን የጡብ ፋብሪካው ጥበቃ... ‹ካቻምናም ብለውን ነበር› ብሎ እምቢ አለ አሉ።»

ስልኩን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ባልደረቦቿ የደስታ መስሏቸው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

አለቃዋ ምክር ቤት ቀረቡ። ገሚሱ አመሰገናቸው፤ አንዱ ተነሥቶ ወንዙ ላይ ድልድይ ሳይሠራ ሌላ ሳተላይት ምን ያደርጋል ሲል ጠየቀ። የሁለተኛው ሳተላይት ጉዳይ ለሚመጣው ዓመት ተላለፈ፤ ለውሃ መለኪያዎቹ ማሠሪያ ገንዘብ ግን ተፈቀደ። እሷ በዚያ ሰሞን ማዶ ተሻግራ የጥበቃውን ሚስት አስተዛዘነች። ሴትዮዋ አልተቆጣችም።

«ካቻምና ባትሳሳቱ ኖሮ ያምናችሁ ነበር» ብቻ አለቻት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት።

ክረምቱ ሳይወጣ ያው ዓይነት ደመና ተራራው ላይ ዳግመኛ ቆመ። በዚህ ጊዜ ማንንም አልጠበቀችም፤ ማስጠንቀቂያውን አወጣች። ሰው ፍራሹን ተሸክሞ፣ ፍየሉን እየጎተተ፣ እያጉረመረመ ወጣ። ወንዙ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ትንሽ አንገራግሮ፣ ጎደለ። ሰውም እያጉረመረመ ወረደ።

ሳምንቱን ሙሉ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ልቧ ዘለለ፤ የሚሰድባት ሰው ይሆናል ብላ። ሊሰድባት ግን አንድም ሰው አልደወለም።