በቅል ያደጉት ጥንዚዛዎች

ዛሬ ጠዋት በረንዳው ላይ ፀሐይ ስሞቅ፣ ጀርባዋ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት አንዲት ቀይ ጥንዚዛ እጄ ላይ አረፈች። እግሮቿ ሲኮረኩሩኝ የባቄላ አበባ ሸተተኝ። እዚህ ሰፈር ባቄላ የለም፤ አትሳቅብኝ።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ከአምበር ከተማ ወዲህ ባለች መንደር ነው። አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ ዱር ቤቴ ብሎ ወጥቷል፤ በሬዎቻችንን ወታደሮች አርደው በልተዋቸዋል። የባሌ እናትና እኔ ጓሮውን በዶማ ቆፍረን ባቄላ ዘራን። ዓመቱን የምንሻገረው በዚያች ባቄላ ብቻ ነበር። በአገራችን ወግ ሙሽራ በአማቷ ፊት ድምፅ አታሰማምና፣ አንገቴን ደፍቼ በሹክሹክታ ነበር የምናገረው።

ዝናቡ መለስ ሲል ባቄላውን ክሽክሽ ወረረው። ያ ጥቁር ተባይ ግንዱን ጥቀርሻ አስመስሎ ይመጠው ጀመር። አማቴ አመድ ቢነሰንሱበት፣ ጠበል ቢያስረጩበት አልለቅ አለ። እኔ ልጅ ሆኜ በአባቴ ጓሮ ቀያይ ጥንዚዛዎች ክሽክሹን ሲለቅሙት እያየሁ እውል ነበር። ስለዚህ ወንዝ ዳር ካለው ሳማ ላይ ለቃቅሜ አፈ ሰፊ ቅል ውስጥ ከተትኳቸው፤ አፉን በስስ ጨርቅ አሰርኩት። ክሽክሽ ያለበት ቅጠል አበላቸዋለሁ፤ ቅጠሉ ላይ ቢጫ እንቁላል ሲጥሉ ደግሞ ወስጄ ባቄላው ላይ አስራለሁ። አማቴ፣ የሰው ምራት ዶሮ ታረባለች፣ የኔዋ ጥንዚዛ ታረባለች እያሉ ለጎረቤት ይስቁብኝ ነበር።

ከእንቁላሉ የወጣው ግን ጥቁር፣ ሸካራ ትል ነው። አማቴ አንድ ማለዳ አዩት። “ከድጡ ወደ ማጡ ከተትሽኝ” ብለው ሊጨፈልቁት ጎንበስ አሉ።

“አይንኩብኝ!” አልኩ።

ጩኸቴ እኔንም አስደነገጠኝ። እዚያ ቤት ከገባሁ ድምፄን ሰምተውት አያውቁም። የጥንዚዛዎቹ ልጆች መሆናቸውን፣ ሲያድጉ እንደ እናታቸው ቀይ እንደሚሆኑ ነገርኳቸው።

“እስከ ቅዳሜ” አሉ። “ባቄላዬ ከጠፋ ግን ወደ አባትሽ ቤት ነሽ።”

ዓርብ ጠዋት ስነሳ አማቴ ቤት የሉም። ብፈልጋቸው ባቄላው መሃል፣ እርጥብ አፈር ላይ በሆዳቸው ተኝተው አገኘኋቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ።

“ዝም በይ፤ ይቺ ሆዳም አሥራ ሁለተኛውን ክሽክሽ እየዋጠች ነው” አሉኝ።

አጠገባቸው ተኛሁ። መጀመሪያ እኔ ሳቅሁ፣ ከዚያ እሳቸው። ከሩቅ አውሮፕላን ሲያጉረመርም እንኳ ቀና አላልንም። ከሠርጌ ቀን ይልቅ ያን ቀን ደስ ብሎኛል። ቅዳሜ የአባቴን ቤት ያነሳ አልነበረም።

በጥቅምት እሸቱ ደረሰ። ባሌ ለአንድ ቀን ብቅ ብሎ እሸት ሲበላ፣ አማቴ ጥንዚዛዎቹን ራሳቸው እንዳረቡ አድርገው ተረኩለት፤ እንቁላሉን እንዳዩ ነገሩ እንደገባቸውም አልሸሸጉም። እኔ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ሳቄን ዋጥኩ።

ጣሊያን ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ የአማቴ ዓይን ጠፋ። አንድ መስከረም ባቄላው መሃል ወስጄ አስቀመጥኳቸው። እጃቸው ላይ የሚሄድ ነገር ተሰማቸው።

“እናትየዋ ናት ልጅየዋ?”

“ልጅየዋ ናት፣ እማማ። ላንሳልዎት?”

“አትንኪብኝ” አሉ።

መዳፋቸውን እንደዘረጉ ብዙ ተቀመጡ። ለእሸቱ አልደረሱም።

የዛሬዋም ራሷ እስክትበር ድረስ እጄን አላንቀሳቀስኩም።