ዳይሬክተራችን «አንድ ቁጥር ካልሆንኩ» ያሉ ዕለት

ትናንት ጠዋት... የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በኢንተርኔት ተለቀቀ ተባለ። እህቴ ዘሃራ ትምህርት ቤታችን ሄዳ ከጸሐፊዋ ኮምፒውተር ፊት ተተከለች። ካላለፈች ጅዳ ሰው ቤት ልትሠራ ነው፤ ቪዛዋም ወጥቶላታል።

እኔ ደግሞ ጎን ካለው ክፍል፣ ከዳይሬክተሩ ከጋሽ ይመር ጋር ነበርኩ። ዊንዶውሳቸውን ቫይረስ ከበላው ወዲህ ሊኑክስ ተጭኖላቸዋል። የአይሲቲ መምህራችን ለስልጠና ደሴ ስለሄደ ኔትወርካቸውን እንዳስተካክል የኮምፒውተር ክበብ አባሏ እኔ ተጠራሁ። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ ለኮምፒውተራቸው 192.168.1.14 የሚል የኔትወርክ አድራሻ ሰጠሁት። ሠራ።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት...

«አስራ አራት? ጸሐፊዋ ስንት ናት?»

«አምስት።»

«ጸሐፊዬ አምስት፣ እኔ አስራ አራት! ወላሂ አይሆንም። አንድ አድርጊኝ።»

«ጋሼ፣ አንድ እኮ ተይዟል...»

«በማን? በወረዳ ነው?»

«ግድግዳው ላይ ባለችው ሳጥን። ኢንተርኔቱን የምታመጣልን እሷ ናት።»

«ሳጥን ልትበልጠኝ? ጻፊ አልኩሽ!»

ጻፍኩ። አንድ አድራሻ ለሁለት ሲሰጥ ደግሞ ኮምፒውተሮቹ ማንን እንደሚሰሙ ግራ ይገባቸዋል... ወዲያው ዘሃራ ከወዲያኛው ክፍል ጮኸች።

«ኧረ ጠፋ! ሊከፈትልኝ ሲል ጠፋ!»

«ጋሼ፣ ወደ 14 ልመልስዎት?»

«ሞቼ ነው ቆሜ!»

ጋሽ ይመርን ታውቋቸው የለ... ሰርግ ቤት በር አጠገብ ካስቀመጧቸው ሳይበሉ የሚወጡ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ቁጥር እኮ በሩ ላይ ነው። ወጪ ገቢው ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው።»

ቀና አሉ። «በር ላይ ነው ያስቀመጥሽኝ?»

«እርስዎ ነዎት እኮ ያሉት...»

«ወደ ውስጥ አስገቢኝ! ከሁሉም ወደ ውስጥ!»

«የመጨረሻው 254 ነው።»

«እሱን!»

ጻፍኩ... መስመሩ መሥራቱን ለማየት ፒንግ አደረግኩ... መለሰ። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያኛው ክፍል እልልታው ቀለጠ። ዘሃራ አልፋለች!

ጋሽ ይመር ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። «አየሽ? ሰው ቦታውን ሲይዝ እንዲህ ነው። ልጅቷን ያሳለፍኳት እኔ ነኝ» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ምክትላቸው ኮሪደር ላይ ወደ ዳር ሳብ አድርገውኝ፣ ግራ ቀኙን ቃኙና... «253 ሰው ይዞታል?»

በዚህ ከቀጠለ ከ250 በታች የምንቀረው እኛ ተማሪዎቹ ብቻ ነን።