ማን አነሳው?

ባለፈው ሳምንት ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር መንገድ ዳር ቆሜ ሳለሁ፣ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ከባጃጅ ስትወርድ ጭቃው አዳለጣትና በጉልበቷ ወደቀች። ባለባጃጁ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ሶሪ!» አላት። ደሜ ፈላ። «ሶሪ ምንድን ነው? ሰው ሲወድቅ እኔን ነው የሚባለው!» ብዬ ጮህኩበት። ይህች «እኔን» የምትባል ቃል ስንት ዓመት ስታንገበግበኝ እንደኖረች እሱ በምን ያውቃል።

ያደግሁት ሊሙ ገነት ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የቤታችን ተማሪ ታላቅ ወንድሜ በላቸው ነበር። በደርግ ጊዜ አየር ኃይል ገባና የሄሊኮፕተር አብራሪ ሆነ። እናቴ «ሄሊኮፕተር» ማለት አይሆንላትም፤ «ያ የሚንደቀደቀው» ነበር የምትለው።

አንድ የታኅሣሥ ቀን፣ ቡናው ተለቅሞ በየደጁ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ሳለ፣ ያ የሚንደቀደቀው በሰፈራችን አናት ላይ መጣና ዝቅ አለ። በላቸው ነው፤ በዚያ ሲያልፍ እናቱን ሰላም ማለቱ ነበር። እጁን ሲያውለበልብ አየሁት። እኛ ግን መልሰን ለማውለብለብ ፋታ አላገኘንም። ነፋሱ ሰሌኑን ገለበጠው፤ የእኛ ጀንፈል ቡና ከጎረቤታችን ከአባ ፊጣ ጀንፈል ጋር ተደባልቆ እስከ ጎመኑ መደብ ድረስ ተበተነ። እናቴ መቀነቷን እያጠበቀች ወደ ሰማይ ጮኸች።

«አንተ ባለጌ! ውረድና ልቀም!»

አባ ፊጣ «ያ ረቢ! ልጅሽ ቡናዬን ወረሰው!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። በዚያ ዘመን «ወረሰ» የሚባለው መንግሥት ብቻ ነበርና እናቴ ደንግጣ ዙሪያዋን ቃኘች። ቀኑን ሙሉ በጉልበታችን እየዳህን ለቀምን። እኔ እኩል እንካፈል አልኩ፤ እናቴ የአባ ፊጣ ይበልጥ ነበር አለች፤ እሳቸው ደግሞ የእናንተ ነው የሚበልጠው ብለው ድርቅ አሉ። ያ ክፍፍል ልክ መሆኑን ዛሬም እጠራጠራለሁ።

ክረምት ሲገባ በላቸው ከሰሜን ጦር ግንባር ፈቃድ መጣ። ከስቶ ነበር። ጎደሬ በሚጥሚጣ እየበላን ሳለ አባ ፊጣ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«አንተ ቡና በታኝ! ሰሜን ደግሞ ምኑን ነው የምትበትነው?»

«እዚያስ ለቃሚ ነኝ፣ አባ ፊጣ» አላቸው። «ቁስለኛ ነው የምለቅመው።»

ኋላ ብቻችንን ስንሆን በላቸው ነገረኝ። ሜዳ ላይ የወደቁትን ያነሳል፤ ሁሉንም ግን መጫን አይችልም። ሽቅብ ሲወጣ ከታች የቀሩት እጃቸውን ያውለበልባሉ። «ከእንግዲህ የሚውለበለብ እጅ ማየት አልፈልግም» አለኝ። ስለዚህ የሄደ ቀን አውቶቡሱ ሲነሳ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬ ያዝኩት።

በቀጣዩ የካቲት፣ ቡናው አብቦ ከተማው ሁሉ ሽቶ ሽቶ በሚልበት ሰሞን፣ ሁለት የቀበሌ ሰዎች ደጃችን ቆሙ። «እናት፣ ልጅዎ ለእናት አገሩ ተሰውቷል። ሄሊኮፕተሩ ወድቋል» አሉ። እናቴ የሰማችው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ይመስለኛል። ሕፃን ደጃፍ ላይ ሲደናቀፍ እንደምትለው «እኔን!» አለች። ቀጥላ ደግሞ «ማን አነሳው?» ብላ ጠየቀች።

«ቦታው በወገን እጅ አይደለም» አለ አንደኛው። ሌላው «ጀግና አይለቀስለትም» ብሎ ጨመረ። የጠየቀችው ይህን አልነበረም። አባ ፊጣ አጥሩን ዞረው መጡ፤ «ኢንና ሊላሂ» ብለው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ጅማ ወርጄ የጦሩ ቢሮ ገባሁ። ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ጠና ያለ መኮንን ተቀምጧል።

«ወንድሜ የወደቀ ሲያነሳ ነው የኖረው» አልኩት። «አሁን ተራው የእሱ ነው። ለምን አይነሳም?»

ይቆጣኛል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር። እሱ ግን «ልክ ነሽ፣ እህቴ» አለኝ።

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ የለም። የኔም ታናሽ እዚያው ነው የቀረው።»

ልጣላ ሄጄ የምጣላው ሰው አጣሁ። በመመለሻዬ የመንገዱ አቧራ ከቡናው አበባ ሽታ ጋር ጉሮሮዬን ሲሞላው ትዝ ይለኛል። እናቴ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። «አነሱት?» አለችኝ። ሬሳው ሳይነሳ ድንኳን አልተክልም አለች፤ አልተከለችምም። ከሰሜን የመጣ ወታደርም ይሁን ነጋዴ ባየች ቁጥር «አነሱት?» ትል ነበር። እስክትሞት ድረስ አዎ ያላት የለም።

ጊንጆ የወደቀችውን ልጅ እኔ አላነሳኋትም። ይህ ጉልበቴ ጭቃውን እስኪሻገር ቆሎ ሻጯና ያ የተቆጣሁት ባለባጃጅ በሁለት በኩል ብብቷን ይዘው አቆሟት፤ ቀሚሷንም አራገፉላት። «እኔን» ማለት በእሱ ፈንታ እኔን ያድርገኝ ማለት ነው። እናቴ ከልቧ ነበር ያለችው። የሚቀበላት ግን አልነበረም፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የማልታረቀው።

ባለባጃጁ ወደ እኔ ተመልሶ መጣ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ልጅቷ እኮ ተነስታ ሄደች» አለኝ።

ለካ እኔ ገና «እኔን፣ እኔን» እያልኩ ነበር።